አፈ ለስላሳ

ብላክሆፕ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1957

ውድ አባባ፣

አዎ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። አዎ፣ የውሻ ቤቱን በር እቆልፋለሁ። አዎ፣ ብራከን ሳህኗ ፊት ተቀምጣ ፉጨት እስክትሰማ ትጠብቃለች፤ እኔ ነኝ የማልጠብቀው። የቀሩትን አሥራ አንድ ጥያቄዎችህን እማማ ትመልስልሃለች። እኔ ዋናውን ወሬ ልንገርህ።

ኮሎኔል ፌንዊክ ዘንድሮ ለይቶላቸዋል። አንተ ሳንባህን ይዘህ ወደ ደቡብ በሄድክ በሳምንቱ፣ መጠጥ ቤቱ ምድጃ ፊት ለፊት ከቄስ ሚልበርን ጋር ለጠመንጃ አደን የትኛው የስፓንየል ውሻ ዝርያ ይበልጣል በሚል ነገር ተካረሩ። ኮሎኔሉ ክለምበር ነው አሉ፤ ዝግ ይላል እንጂ አፍንጫው አንድ ወፍ አያሳልፍም። ቄሱ ኮከር ናት አሉ፤ ትንሽ ብትሆንም ጥንቸል እንኳ የሚፈራው እሾህ ውስጥ ትገባለች። ያንተን ስፕሪንገር ያስታወሰልህ አጎት አሞስ ብቻ ነው። «የሳይላስ ብራከን ሁለቱንም ለቁርሷ ታደርጋቸዋለች» ብሎ ቢራውን ጨለጠ።

ኮሎኔሉ እዚያው ማስታወሻ ደብተር አወጡ። እስከ ገና ድረስ በየቅዳሜው ሦስቱ ውሾች አንድ ጫካ ውስጥ ይሠራሉ። የሚያመጡት በጥይት የወደቀ ፌዛንት እንደ ወትሮው ጋሪው ላይ ተደባልቆ አይሰቀልም፤ ለእያንዳንዱ ውሻ የየራሱ ከረጢት አለው። አመሻሽ ላይ ዋናው የአደን ጠባቂ ሚስተር ሬቭሊ ከረጢቶቹን ይፈቱና ወፎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ማን ብዙ እንዳመጣ፣ ማን ሳይጎዳ እንዳመጣ ያስጽፋሉ። ሦስቱንም ከረጢት ተሸክሞ የሚዞረው አጎት አሞስ ነው፤ በሰባ ዓመቱ፣ በዚያ ሆዱ።

ብራከንን የማሠራት እኔ ነኝ። ስለዚህ ምሳዬን ጎተራው ውስጥ ከጌቶቹ ጋር እበላለሁ። በአሥራ አምስት ዓመቴ እንዲህ ያለ ክብር! የቄሱ ሚስት የሱፍ ጓንት እንኳ ሠርተውልኛል።

እዚያ ተቀምጬ የደረስኩበትን ልንገርህ፤ ሰው ውሻውን አይመርጥም፣ ይወልደዋል። የኮሎኔሉ ባርናቢ ነጭ ነው፣ ከባድ ነው፣ ከምሳ በኋላ አይነሳም፤ ትናንት ከሾርባው በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ተኝተው ሲያንኮራፉ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቅቶን ነበር። የቄሱ ቲንከር ትንሽ ናት፣ ደስተኛ ናት፣ የሰው አጥር ውስጥ ሳትጠራ ትገባለች። የቄሱን ጉብኝት ታውቀዋለህ። ያንተዋ ደግሞ እግሯ ረጅም፣ ዕረፍት የማታውቅ፣ ግራና ቀኙን ስታስስ ነፋስ የምትመስል፣ የምትሰማው ደስ ያላትን ብቻ ነው። ስለማን እንደምናገር አልነግርህም።

ብራከን ደህና ናት።

ኤልስፔት


ሆስፒታል፣ ኖቬምበር 13

ኤልስፔት፣

ሳሉ ቀንሷል። መስኮቱን ክረምት ከበጋ አይዘጉትም፤ ትናንት አልጋዬ ላይ ቅጠል አገኘሁ። ዋናዋ ነርስ እንዳልናደድ አስጠንቅቃኛለች፤ ከተናደድኩ ደም ይመጣል አለች። ስለዚህ አታናድጂኝ።

ስለ ኮሎኔሉ ማንኮራፋት ብዙ መስመር ጽፈሻል። ስለ ውሻዬ ሦስት ቃል። ባለፈው እሑድ ደግሞ ጭራሽ አልጻፍሽም።

ቅዳሜ ስንት ወፍ አመጣች? የጎድን አጥንታቸውስ?

አያትሽ


ብላክሆፕ፣ ኖቬምበር 17

ውድ አባባ፣

ባለፈው እሑድ ያልጻፍኩት ጣቴን በር ስለቆነጠጠው ነው። ቀኙን። አሁን ድኗል፤ አትጨነቅ።

ትናንት ባርናቢ አንድ ቁጥቋጦ ፊት ቆሞ አልነቃነቅም አለ። እኛ ጅራቱን አይተን ወፍ የለም አልን። ኮሎኔሉ «ጠብቁ፣ እያሰበ ነው» አሉ። ጠበቅን። ዝናብ መጣ፤ ጠበቅን። በመጨረሻ ውሻው እንደ ታቦት ቀስ ብሎ ገባና አራት ፌዛንት ከአንድ ቦታ አስነሳ፤ ቲንከርም ብራከንም እየሮጡ ያለፏቸውን። እውነቱን ልናገር፣ አፍንጫውስ አፍንጫ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለቀኑ ሥራ በቃኝ አለ።

ቲንከር ደግሞ አንድ ግዙፍ አውራ ፌዛንት አግኝታ ተሸክማው ካቡን ልትዘል አልቻለችም። ወፉ ከሷ ይበልጣል። ታዲያ ምን አደረገች? ካቡ ሥር ቀበረችውና ምንም እንዳላየች ሆና ተመለሰች። ቄሱ ይህንን ትሕትና ነው አሉት።

ስለ ጎድን አጥንት የጻፍከው መስመር ላይ ሻይ ፈሶበት ማንበብ አልቻልኩም።

እማማ ሰላም ብላሃለች።

ኤልስፔት


ሆስፒታል፣ ኖቬምበር 20

ኤልስፔት፣

ሻይ አልፈሰሰም። በር ጣትሽን አልቆነጠጠም። እናትሽንም፣ አንቺንም ያሳደግኩ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ነገሩን ገምቻለሁ። ግን ካንቺ አፍ ልስማው።

ስለ ፈርን ነግሬሽ አላውቅም። ከማናቸውም የምትበልጥ ስፕሪንገር ነበረችኝ፤ የብራከን ቅድመ አያት ናት። በ1938 የኮሎኔሉ አባትም ልክ እንደ ልጃቸው ውሾች እናወዳድር ብለው ነበር። በዚያ ክረምት ፈርን ያመጣቻቸው ወፎች ጎድናቸው ደቅቆ ተገኘ። አንድ ቀን ቢሆን ባለፍኩት። አራት ቅዳሜ ሆነ። አፈ ጠንካራ የሆነ ውሻ አይታረምም፤ የሚነክሰውን ሥጋ ያበላሻል፣ ለልጆቹም ያወርሳል። ለሌላ ሰው መስጠትም ማታለል ነው። ራሴ ወስጄ ራሴ ተኩሼ ጨረስኳት። ጉድጓዱን የቆፈረልኝ አሞስ ነው፤ የኔ እጅ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

ሕጉ ይህ ነው። የሌላ ሰው ውሻ ላይ ሕግ፣ የኔ ውሻ ላይ ይቅርታ አይሆንም።

አሁን ጻፊ።

አያትሽ


ብላክሆፕ፣ ኖቬምበር 24

አባባ፣

እሺ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት። በሁለተኛው አራት። በሦስተኛው ሦስት። ትናንት አምስት። ሁሉም ከብራከን ከረጢት። ሚስተር ሬቭሊ ደረታቸውን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት እንደ እንቁላል ቅርፊት ይገባል። ከባርናቢ ከረጢት ምንም፣ ከቲንከር ከረጢት ምንም። ትናንት ወፎቹ የሚፈተሹበት ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ኮሎኔሉ እንኳ ደስ አላላቸውም፤ «እንዲህ ማሸነፍ አልፈልግም» አሉ፤ ደብተራቸውን ግን አልዘጉም።

ያልነገርኩህ ነርሷን ፈርቼ አይደለም። ማለቴ እሷንም እፈራለሁ፤ ግን ብነግርህ ምን እንደምትል ስለማውቅ ነው። አንተ አንዴ አዎ ብለህ ከጻፍክ የሚመልስህ የለም።

ሚስተር ሬቭሊ እስከ ዲሴምበር 7 ልታገስ አሉኝ። ያ ቅዳሜም እንደዚህ ከሆነ እሳቸው ራሳቸው ያደርጉታል፤ «ሳይላስ ታሞ ተኝቶ ይህ ሸክም አይጨመርበትም» አሉ። ደግ ሰው መሆናቸው ነው የሚያስፈራኝ። ክፉ ቢሆኑ እነክሳቸው ነበር።

እባክህ አትፍቀድ። ከፈለግክ እኔን ተቆጣኝ። ማታ ማታ ብራከንን እንቁላል እያስያዝኳት ነው፤ ከወጥ ቤት እስከ በር ተሸክማ ትሄዳለች፣ አንድም ሰብራ አታውቅም። አፈ ጠንካራ ውሻ እንቁላል ይይዛል? ንገረኝ።

ደም መጣብህ?

ኤልስፔት


ሆስፒታል፣ ኖቬምበር 27

ኤልስፔት፣

ደም አልመጣም። እንቅልፍም አልመጣም።

እንቁላል ማስረጃ አይሆንም። ፈርንም እንቁላል ትይዝ ነበር።

አሁን እንዳነበብሽው አድርጊ። ያንን የሱፍ ጓንት አውልቂ። ብራከን ወፉን እጅሽ ላይ ስታስቀምጥ፣ ለማንም ሳትሰጪ፣ በባዶ ጣትሽ ከክንፉ ሥር ገብተሽ ሁለቱንም ጎን ዳብሺ። እያንዳንዱን። እኔ ይህን የለመድኩት ከፈርን በኋላ ነው፤ በፊት ሚስተር ሬቭሊ ያሉትን ተቀብዬ እሄድ ነበር።

እጅሽ ላይ ደቅቆ ከመጣ አትከራከሪ። ለሬቭሊ ይሁን ብዬ ዛሬ ጽፌላቸዋለሁ፤ እስከ ዲሴምበር ሰባት ጠብቁ ብያለሁ።

አያትሽ


ብላክሆፕ፣ ዲሴምበር 1

አባባ፣

ጓንቱን አወለቅኩ። ጣቶቼ እንደ ካሮት ሆኑ። ብራከን ዘጠኝ ወፍ አመጣች፤ ሦስቱን ከወንዙ ማዶ፣ በረዶ በጀመረው ውሃ ዋኝታ። ዘጠኙንም ዳበስኩ። አባባ፣ ዘጠኙም ደህና ነበሩ። አንዱ እንዲያውም ሕይወት ስለነበረው እጄን ቧጨረኝ።

ለአጎት አሞስ እየሰጠሁ ከረጢት ገቡ። አመሻሽ ላይ ሚስተር ሬቭሊ ፈቱት። አራቱ ደቅቀዋል።

ደህና ነበሩ አልኩ፤ በእጄ ዳብሼአቸዋለሁ አልኩ። ሚስተር ሬቭሊ ረጋ ብለው «የልጅ ጣት የወደደውን ይዳብሳል» አሉኝ። ቄሱ ስለ ተስፋ ትንሽ ተናገሩ፤ ኮሎኔሉ አፍንጫቸውን ተናፈጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አላየኝም። አንድ ሰው ውሸታም ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። አሳዘንኳቸው።

ዋሽቼ አላውቅም ልልህ ነበር። ስለ በሩና ስለ ሻዩ አስታወስኩ። ግን ይኼ እውነት ነው። እጄ ላይ ደህና ነበሩ። ታምነኛለህ?

ከእንግዲህ ጎተራው ውስጥ ምሳ አልበላም። ዳቦዬን ይዤ ውጪ እበላለሁ።

ስድስት ቀን ቀረ።

ኤልስፔት


ሆስፒታል፣ ዲሴምበር 4

አምንሻለሁ።

እጅሽ ላይ ደህና ከነበሩና ከረጢቱ ሲፈታ ደቅቀው ከተገኙ፣ በመካከል የሆነ ነገር አለ። ዓይንሽን ከከረጢቱ አትንቀይ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። በሳንባዬ ምክንያት ነው።

አያትሽ


ብላክሆፕ፣ ዲሴምበር 8

አባባ፣

ብራከን በሕይወት አለች። እሱን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ቀጥሎ ያለውን ቁጭ ብለህ አንብብ፣ ነርሷንም ጥራት።

ትናንት ጠዋት የሚስተር ሬቭሊ ጠመንጃ በጨርቅ ተጠቅልሎ ጋሪው ላይ ነበር። ለወፍ አልነበረም። ብራከን ጨርቁን አሽታ ጅራቷን ወዘወዘች። ማሰሪያዋን ይዤ ከጋሪው አራቅኳት። ግን ሠራች፤ እንደዚያ ሠርታ አታውቅም። እስከ ምሳ አሥራ አንድ አመጣች። አሥራ አንዱንም ዳበስኩ፣ ሁሉም ደህና። ከረጢቱን በዓይኔ ተከተልኩት፤ ወንዝ ሲሻገር፣ ካብ ሲወጣ፣ አንዴም ከአጎት አሞስ ትከሻ አልወረደም።

ምሳ ሲሆን ጌቶቹ ጎተራ ገቡ። እንደምታውቀው ተሸካሚዎቹና ወፍ አባራሪዎቹ ውጪ ነው የሚበሉት። አባራሪዎቹ እሳት አንድደው ከበው ተቀመጡ፤ አጎት አሞስ ግን ጭስ አልወድም ብሎ ለብቻው ነፋስ ወደማይደርስበት የካቡ ጀርባ ሄደ። እኔም ዳቦዬን ይዤ ተከተልኩት። በመከራዬ ጊዜ ዘመድ ልሻ መስዬ ነበር።

ሦስቱን ከረጢት ሣሩ ላይ ደረደራቸው። ከዚያ አንድ በአንድ መታ መታ አደረጋቸው፤ ልክ ሴት ገበያ ላይ ትራስ እንደምትመርጥ። የቲንከርን ገፋ አደረገው። የባርናቢን ገፋ አደረገው። የብራከንን ደልደል አደረገና ዞሮ፣ ኮቱን ሰብስቦ፣ ተቀመጠበት።

አባባ፣ ድምፁን ሰማሁት። ደረቅ ጭራሮ ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት።

እሱ አልሰማም። የሥጋ ፓዩን አውጥቶ መብላት ጀመረ። ያወጣሁት ጥያቄ ይኼ ብቻ ነው።

«አጎት አሞስ፣ ለምን ሌላኛው ላይ አልተቀመጥክም?»

«የቄሱ ከረጢት እንደ ስብከታቸው ነው፤ ይቆረቁራል። የኮሎኔሉ ባዶ ነው። የብራከን ግን፣ አፏ ይባረክና፣ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ፍራሽ በይው።»

ገባህ? ጎበዝ ስለሆነች ነው። ከሁሉም ብዙ ስለምታመጣ ነው እሷ ላይ ብቻ የሚቀመጠው። ትንሽ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣባት።

ሮጬ ሚስተር ሬቭሊን ከጎተራ ጠራኋቸው። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ኑ ብቻ አልኩ። በካቡ ላይ አንገታቸውን አውጥተው አዩት። አጎት አሞስ ሁለተኛውን ፓይ እየበላ ነበር። እስቃለሁ ብዬ አፌን ስይዝ የሚስተር ሬቭሊ ፊት አመድ ሆነ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ስንት ዓመት ነው እንዲህ የሚቀመጠው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔ ምን አውቃለሁ? ከዚያ እጃቸው ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘና «ለአያትሽ ጻፊ። ከሳይላስ በፊት ለማንም አትናገሪ» አሉ። ከምሳ በኋላ ወፉ ሁሉ እንደ ድሮው ጋሪ ላይ ይሰቀል ብለው አዘዙ። ጠመንጃውንም ወደ ቤት ላኩት።

ለምን እንደደነገጡ አልገባኝም። እኔ ግን ሰባት ቀልድ አዘጋጅቻለሁ፤ አፏ ሳይሆን ምን ጠንካራ እንደሆነ የሚናገር አንድ አለ፣ መጠጥ ቤቱን የሚያፈርስ። ፈቃድህን ብቻ ነው የምጠብቀው።

ኤልስፔት


ሆስፒታል፣ ዲሴምበር 11

ኤልስፔት፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅኩ፤ ነርሷ ሮጣ መጣች። በሁለተኛው አልሳቅኩም።

በ1938ም ከረጢት ነበር። ለየውሻው አንድ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም፣ እስከ ዘንድሮ፣ ወፍ የሚሰቀለው ጋሪ ላይ ነው። የፈርን ከረጢትም ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። የተሸከመው አሞስ ነው።

ሬቭሊ ባርኔጣቸውን ያወለቁት ለዚህ ነው። ያኔ ወጣት ጠባቂ ነበሩ።

አሁን ስሚኝ። ጥይቱ የኔ ነው፤ የአሞስ አይደለም። እሱ ደክሞት ተቀመጠ እንጂ ማንንም አልገደለም። የገዛ እጄን አውጥቼ ሳልዳብስ የሰው ቃል ይዤ ሄድኩ። አሞስ ያንን ጉድጓድ ሲቆፍር እያለቀሰ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያላወቀውን በሰባ ዓመቱ እንዲያውቅ አልፈልግም።

ሰባቱን ቀልድ ዋጪ። እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ዝም አይነቅዝም።

ጎተራዬ ውስጥ ታጣፊ በርጩማዬ ተሰቅሏል። ስጦታ ነው ብለሽ ስጪው። ፈርን ያለችው ከአሽ ዛፉ ሥር ነው፤ ምልክት አላደረግኩባትም፣ አይገባትም ብዬ። አሞስ እንጨት መቅረጽ ያውቃል። ስሟን እንዲጽፍላት ለምኚልኝ። ለምን አሁን ካለሽ፣ አርጅቷል በይው።

አያትሽ


ብላክሆፕ፣ ዲሴምበር 15

ውድ አባባ፣

አዎ፣ ዋጥኳቸው። ሰባቱንም። ሰባተኛው አሁንም ጉሮሮዬ ላይ ነው።

ሚስተር ሬቭሊ ለኮሎኔሉ «አውራ ጣቴ አርጅቷል፣ ተሳስቼ ነበር» ብለው ነገሯቸው። ጥፋቱን ራሳቸው ላይ ወሰዱት፤ ሠላሳ ዓመት ወፍ የዳበሰ ጣት። ኮሎኔሉም ውድድሩ በጥርጣሬ ስለተበላሸ በክብር የሚበልጠው ክለምበር ነው ብለው ፈረዱና ደብተሩን ዘጉ። ቄሱ ይግባኝ ብለዋል። እስከ ፋሲካ አያልቅም።

በርጩማውን ዛሬ ጠዋት ወሰድኩለት። አጎት አሞስ አገላብጦ አየው።

«ከሳይላስ? በሃምሳ ዓመት የሰጠኝ ጉንፋን ብቻ ነው። ሊሞት ነው እንዴ?»

አርጅቶ ነው አልኩ። እሱስ እውነት ነው አለና ተቀመጠበት፤ እንደ ከረጢቱ አይሞቅም አለ። ምንም አልተናገርኩም። ልብ በልልኝ።

ከዚያ ስለ ፈርን ለመንኩት። ገባና የኦክ እንጨት ቁራጭ ይዞ ወጣ። ለምን አሁን ብሎ አልጠየቀኝም። አሽ ዛፉ ሥር በርጩማውን ዘርግቶ እስከ ቀትር ቀረጸ። እኔ የምጠብቀው ስሟን ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ስሟን ጨርሶ ከሥሩ መቅረጹን ቀጠለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። «አፈ ለስላሳ» ይላል።

አያቴ ስሟን ብቻ ነው ያለው አልኩት።

ቀና ሳይል መለሰልኝ። «ወፎቿን ከሳይላስ እጅ እየተቀበልኩ ከረጢት የማስገባው እኔ ነበርኩ። በዚህ መዳፌ። አንድም የተሰበረ አልነበረም። ያኔም ተናገርኩ፤ ለሬቭሊም፣ ለአያትሽም። ከረጢት ተሸካሚን ማን ይሰማል?»

ለአንተ እንድጽፍልህ አላለኝም። ግን ብደብቅህ ሁለተኛ በር ጣቴን ቆነጠጠኝ ማለት ይሆንብኛል።

እንጨቱን ተክሎ ሲጨርስ ደክሞት በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። በርጩማው ተንቋቋ። ብራከን ከእግሩ ሥር ተኝታ ነበር፤ ድምፁን ስትሰማ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ኤልስፔት